ለእማማ ብዬ የገደልኳቸው ዓሦች

የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ውሃ ይፈራል። ሐይቅ በየሰፈሩ በሞላበት ሚኒሶታ ይህን ያህል ዘመን ኖረን፣ ከትልልቆቹ መካከል መዋኘት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ተምረው እንደ ዳክዬ ይዋኛሉ። እኛ ግን በጋ ሲመጣ ሐይቅ ዳር ምንጣፍ አንጥፈን፣ ሥጋ ጠብሰን፣ ውሃውን ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ስናየው ውለን ሳንነካው ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የውሃ ጥምቀት ሲደርስ የውሃው ሥራ የእኔ ነው። ሲዋርድ በሚባለው ሰፈር ሕንፃውን የሚያከራየን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን ውሃ ይረጫል እንጂ አዋቂ አያጠልቅም፤ ገንዳ የለውም። ስለዚህ ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለ አንድ ሐይቅ እንሄዳለን። ከሁሉ በፊት እኔ እገባና ወለሉን በእግሬ እዳብሳለሁ፤ የጠርሙስ ስባሪ ካለ አወጣለሁ፤ ከዚያ ጥልቁ በኩል ውሃው ደረቴ ድረስ ይዞኝ የመጨረሻው ተጠማቂ እስኪወጣ እቆማለሁ። ፓስተራችን ሰው ሲያጠልቅ በአንድ ዓይኑ የሚያየው እኔን ነው። እሱም መዋኘት አይችልም። ይህን ለጉባኤው ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም አልተናገርኩበትም።

ታዲያ እኔ ምንም የለም ካልኩ ሰው ያምናል።

እማማ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው ካመጣቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሱ እሁድ እሁድ ስለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ጌታን የተቀበሉት እዚሁ አገር ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሕይወታቸው ሲጠየቁ "ተዉት፣ እሱ አልፏል" ብለው እጃቸውን ያወናጭፋሉ። የጥምቀቱን ትምህርት ሁለት ጊዜ ተምረው ጨርሰዋል፤ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት ቀኑ ሲደርስ ፈሩና አመመኝ ብለው ቀሩ። መኪናዬ የሚሲሲፒ ድልድይ ላይ ስትወጣ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጃቸው ይጨብጣሉ። "ሳልጠመቅ እንዳልሞት ብቻ ጸልይልኝ" ይሉኝ ነበር፤ ቀልዳቸውን አልነበረም።

ሰኔ ላይ ለሽርሽር ሐይቁ ዳር በወጣን ቀን ላለማምዳቸው አሰብኩ።

"እስከ ጉልበትዎ ብቻ እማማ። ነሐሴ ላይ እንዳይደነግጡ።"

"የሚናከስ ነገር የለበትም?"

"እኔ እኮ ያደግኩት ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው፤ አዞ ካለበት። ይሄማ ባኞ ነው!"

ሳቁ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ክንዴን ይዘው ገቡ። የልጅ ልጃቸው ከሞል የገዛችላቸው ቀጭን የብር ሰንሰለት ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ነበር። ውሃው ሞቅ ብሏል፤ "አቤት ጌታዬ፣ ደስ ሲል" እስከማለት ደርሰው ነበር። ወዲያው አጠገባችን ውሃው አንዴ ተንቦጫረቀ። እማማ ጮኹና እላዬ ላይ ወደቁ። ተሸክሜ ሳወጣቸው ከእግራቸው የሚወርደው ደም ሱሪዬን አርሶታል። ተረከዛቸው ግራና ቀኙን በምላጭ የተተለተለ ይመስል ነበር።

ድንገተኛ ክፍል የሰፋላቸው ሐኪም መስኪ የሚባል ዓሣ ሳይሆን አይቀርም አለን። ረጅም፣ አፉ ሾል ያለ፣ ጥርሱ መርፌ የሆነ ዓሣ ነው። ሰው አይበላም። የሚያብለጨልጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይነክሳል፤ መሳሳቱን ሲያውቅ ይለቃል። እንዲህ ያለ ነገር የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው አለ። ይህን ሁሉ በአማርኛ ስነግራቸው እማማ ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝ።

"ውሃው አልተቀበለኝም" አሉ።

ከዚያ በኋላ ከዚህች ቃል ንቅንቅ የሚያደርጋቸው ጠፋ። ፓስተሩ ቤታቸው ሄዶ ጸለየላቸው፤ ጥቅስ አነበበላቸው። የሆቴል መዋኛ ተከራይተን እዚያ እናጥምቅዎት ሲባሉ ጭራሽ ባሰባቸው። "ሌላው ሁሉ ሐይቅ ሲጠመቅ እኔን ለብቻዬ ምን አደረግሁ ብላችሁ ነው? ያ አውሬ እዚያ እያለ ግን እግሬን አላነሳም። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ እግዚአብሔር ራሱ አልፈልጋትም ብሎ ይሆናል የላከው" አሉ። ልጃቸው ደውሎ በእንቅልፋቸው እየጮኹ እንደሚነሱ ነገረኝ። ባኞ ነው ብዬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ ልጄ መናገር አለብኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ የምትመልስ። በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ ለትምህርት ቤቷ የምታቀርበው ንግግር ነበራት። ውቅያኖስ ዳር ባሉ አገሮች ሻርክ ዋናተኛ ሲገድል መንጠቆ ተጥሎ ሻርኮች ይገደላሉ፤ ይህ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚል። ወጥ ቤት ቆማ ስትለማመድ ሰማኋት።

"አባዬ፣ የትኛው ሻርክ እንደነከሰ እኮ አያውቁም። ኔክስት የመጣውን ነው የሚገድሉት።"

"ታዲያ ሰው ይበላ?"

"ኢትስ ዜር ሆም! ሰውየው እኮ የሄደው ሰርፍ ሊያደርግ ነው። ፎር ፈን!"

ተናደድኩ። የማይጠፋ ንዴት ነው ያለኝ፤ ሚስቴ ትመሰክራለች። አንቺ ሰው ቀብረሽ አታውቂም አልኳትና ነግሬያት የማላውቀውን ነገርኳት። እኔ ልጅ ሳለሁ የእናቴን ታናሽ እህት፣ ልብስ ልታጥብ ወርዳ፣ ከጫሞ ዳር አዞ ወሰዳት። በሳምንቱ የሰፈሩ ወንዶች ጦር ይዘው ሄደው አንድ ትልቅ አዞ ገደሉና ደጃችን ድረስ ጎትተው አመጡት። ሆዱ ሲከፈት ድንጋይና የዓሣ አጥንት ብቻ ነበር፤ የአክስቴ የሆነ ነገር አልነበረበትም። ሁሉም አየ፤ ማንም አልተናገረም። እናቴ ግን ሬሳውን ሦስት ጊዜ በእግሯ ረግጣ ገባች፤ አክስቴ ከተወሰደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኛች። አጠገቧ ስለነበርኩ ትንፋሿን ሰምቻለሁ።

ልጄ ሳታቋርጠኝ ሰማች። "አይም ሶሪ አባዬ" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ "ግን እሱ አዞ ምን አደረገ?" አለችኝ።

ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት።

እንግዲህ እማማ እንቅልፍ አጡ ስባል ትዝ ያለኝ ያ የእናቴ ትንፋሽ ነው። ፕሊማውዝ ካለው ሥራዬ ሪችፊልድ ወዳለው ቤቴ ስመለስ መኪና ውስጥ ለብቻዬ እሟገት ነበር። አክስቴ ውሃ ሳትነካ ልብስ ማጠብ አትችልም፤ ሌላ ውሃ አልነበራትም። የልጄ ሰርፈኛ፣ ማዕበል ላይ በጣውላ የሚንሸራተተው፣ ግን ቤቱ ቁጭ ማለት ይችል ነበር። እማማስ ከየትኛው ናቸው? ሽርሽር አልወጡም፤ የፈለጉት ነፍሳቸውን ነው። ግን ደግሞ ገንዳ አለ፣ ሆቴል አለ፣ ሌላ ሐይቅ አለ። ዓሣው ሌላ ቤት የለውም። እዚህ ስደርስ ሬዲዮ እከፍታለሁ። ለእማማ ተረከዝ የዓሣ ነፍስ ተወደደ ወይ እያልኩ እበሽቃለሁ፤ ከማን ጋር እንደምበሻሸቅ እንኳ አላውቅም።

ዓሣ የማጥመድ ፈቃድ ነበረኝ። ሥራ ከመግባቴ በፊት ጎህ ሲቀድ ሐይቁ ዳር እቆም ጀመር። የአገሩ ሰዎች ይህን ዓሣ ሲይዙ ለክተውት፣ ፎቶ ተነስተው፣ ከዚያ በሁለት እጃቸው ደግፈው ነፍስ እስኪዘራ ውሃው ውስጥ እያወዛወዙ ነው የሚለቁት፤ አራስ ልጅ የሚያጥቡ ነው የሚመስሉት። ምን ያህል ሲያድግ መግደል እንደሚፈቀድ ሕግ አለው። ሕጉን ስልኬ ላይ አነበብኩት፤ አንብቤ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

የመጀመሪያው ክንዴን አያክልም። አፉን ከፍቼ አየሁት። የእማማ ቁስል ከዚህ አፍ የሰፋ መሆኑን አወቅኩ፤ አውቄ በመኪናዬ ጎማ መፍቻ አናቱን መታሁት። ምናልባት ብዬ ነው። ሁለተኛው ከዚያ የሚበልጥ ነበር፤ የሱን አፍ ከፍቼም አላየሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትልቁ መጣ። ከመሬት ቢቆም ደረቴ ይደርሳል። ክንዴ እስኪዝል ታገለኝ፤ አሸዋው ላይ ስጥለው ጉሮሮው ይከፈታል ይዘጋል፤ ዓይኑ እኔን ይይ ሰማዩን ይይ አይታወቅም። መታሁት። አንዴ አልበቃውም። ደስ አለኝ፤ አሁን ሌላ ሆኜ ብታይ ውሸት ነው፣ ያኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በበረዶ ሳጥን አድርጌ እማማ ቤት ወሰድኩት። ልጃቸው ጋራዡን ከፈተልኝ። እማማ በምርኩዝ እያነከሱ መጥተው ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"በጥርሱ እማማ። ከቁስልዎ ጋር ልክ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አንድ ጊዜ እንኳ አልለካሁትም ነበር። እማማ ዓሣውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ አልነኩትም። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩና አንገቴን አቅፈው ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ እጄን ሳሙኝ። እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ እያሉ። በሳምንቱ ልጃቸው ደውሎ እናቱ ሌሊቱን ሙሉ መተኛታቸውን ነገረኝ።

እሁድ ምስክርነት ያለው ይውጣ ሲባል እማማ ማይክ ያዙ። ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። "ጠላቴን በዚህ በወንድማችሁ እጅ እግሬ ሥር ጣለልኝ። ነሐሴ ላይ እጠመቃለሁ!" አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ፓስተሩ ብድግ በል አለኝ፤ ተነሳሁ፤ ተጨበጨበልኝ። እኔም ፈገግ ብዬ አንገቴን ሰበር አደረግሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው። ከሰኔ ጀምሮ ልጆቻቸውን ከሐይቁ የከለከሉ እናቶች ሁሉ "ተገደለ እኮ" እየተባባሉ ለቀቋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ይመጣሉ፤ እኔ ካለሁ ደግሞ ምንም አይሰጉም። ስልካቸውን እያዩ ይጨዋወታሉ። እኔ ውሃው ውስጥ ቆሜ ከአንዱ ልጅ ራስ ወደ ሌላው ራስ ዓይኔ ይንከራተታል፤ ሣር ባቱን የነካው ልጅ እሪ ባለ ቁጥር ወደዚያ እዋኛለሁ። ሐይቁ ውስጥ ከዚያ ዓይነት ዓሣ ስንት እንዳለ አላውቅም። ከመግደሌ በፊትም አላውቅም ነበር፤ ልዩነቱ ያኔ ሰው እንዲህ አይተማመንብኝም ነበር።

ሁለቱን ትንንሾች ምን እንደማደርጋቸው ጠፍቶኝ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ሥር ሸጉጫቸው ነበር። መብላት አልሆነልኝም፤ መጣልም አልሆነልኝም። ልጄ አይስክሬም ስትፈልግ አገኘቻቸው። ፌስታሉን ከፍታ ጠበቀችኝ።

"ሃው ሜኒ?"

"ከትልቁ ጋር ሦስት።"

"እማማን የነከሰው የትኛው ነው?"

"አላውቅም።"

"ዳዝ ሺ ኖው?"

"እንቅልፍ አግኝተዋል እኮ! ምን ብዬ ልንገራቸው? ገና ተኙ።"

ፌስታሉን መልሳ ቋጠረችና እጇን ረጅም ጊዜ ታጠበች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ሳትቀላቅል፣ "ውሃ ውስጥ ልታስገባቸው ነው። ንገራቸው" አለችኝ። ያን ያህል የጠራ አማርኛ ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እራት ላይ የምታናግረው እናቷን ብቻ ሆነ።

ልነግራቸው ሦስት እሁድ መኪናዬ ውስጥ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሦስቱንም እሁድ ስለ ነጭ ልብሳቸው ሲያጫውቱኝ፣ ድልድዩን ዓይናቸውን ገልጠው ሲሻገሩ እያየሁ ዋጥኩት።

የጥምቀቱ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ተጠማቂዎቹ ነጭ ለብሰው ዳር ላይ ተሰልፈዋል፤ ጉባኤው ይዘምራል፤ ልጄ ፎጣ እንድታድል ተመድባ ሣሩ ላይ ቆማለች። ወለሉን ዳበስኩ፣ ጥልቁ በኩል ቆምኩ። ሦስት ሰዎች ተጠምቀው ወጡ። አራተኛ እማማ ነበሩ፤ የማስገባቸው እኔ ካልሆንኩ አልገባም ስላሉ ወደ ዳር ወጥቼ ያዝኳቸው።

እየተንቀጠቀጡ ገቡ። ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ። ፓስተሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። እማማ ቆሙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እሱ ነበር አይደል ልጄ? እርግጠኛ ነህ አይደል?"

አዎ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት፤ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው የቀራቸው። ባቴ ግን ውሃው ውስጥ ነው፤ የሳቸውም ተረከዝ ያው ውሃ ውስጥ ነው።

"አላውቅም እማማ። ሦስት ነው የገደልኩት። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሌላም ይኖራል።"

ይጮሃሉ፣ ውሃውን ያያሉ ብዬ ነበር። ውሃውን አላዩም። እኔን ነው ያዩኝ።

"ሦስት?"

"ሦስት።"

"አውጣኝ።"

ፓስተሩ ምን ሆኑ አለ፤ ደከማቸው አልኩት። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ስለዚህ ሊያዩኝ ባይፈልጉም ክንዴን ጨምድደው ይዘው ወጡ። ጥፍራቸው ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሣሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ቀሚሳቸው ከወገብ በታች ርሶ እግራቸው ላይ ተጣብቋል።

"እኔ አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ጠንቋይ ቤት ተመላልሻለሁ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጅ ሲታመምብኝ፣ ሕልም ሲያስፈራኝ፣ ቀይ ዶሮ አምጪ ይለኛል። ጭዳ ትሁንልሽ ይላል። ይታረድልኛል። ያን ቀን እተኛለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ፍርሃቱ ይመለሳል። ስሄድ፣ ቀይዋ አልነበረችም፣ ገብስማ ነው የፈለገው ይለኛል። ገብስማ ይታረዳል። ከዚያ ነጭ በግ። ሁልጊዜ ያልሆነውን ነው የምንገድለው። ደሙ በደጄ ደርቆ አያውቅም ነበር።"

የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨመቁ።

"እዚህ መጥቼ፣ ከእንግዲህ ላንቺ ብሎ የሚሞት ምንም የለም፣ አንዴ ተፈጽሟል ሲሉኝ ነው ያመንኩት። ሌላው ትምህርታችሁ ብዙም አልገባኝ። እሱ ብቻ ነው የገባኝ።" እጃቸውን ከክንዴ ላይ አነሱ። "አንተ ደግሞ ሦስት አረድክልኝ። እኔም ማይክ ይዤ እልል አስባልኩ። ተኛሁበት እኮ! እንደ ድሮው ተኛሁበት።"

"ይቅር ይበሉኝ እማማ።"

ልጄ ፎጣ ይዛ መጥታ ትከሻቸውን ሸፈነችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ምን እንደተባባልን አልጠየቀችም። መዝሙሩ ቀጥሏል፤ ፓስተሩ ግን ውሃው ውስጥ ብቻውን ቆሞ ወደ እኛ ያያል። ቀጥላ የምትጠመቀው ወጣት ሴት ዳር ላይ ቆማ እግሯን ወደ ውሃው ትልክና መልሳ ትሰበስባለች። ጥልቁ በኩል ማንም የለም።

እማማ አገጫቸውን ወደ ውሃው አነሱ።

"ሂድ ቁምላቸው። አንተ ከሌለህ አይገቡም።"

ተነሳሁ። ውሃው ከቅድሙ ይልቅ ቀዝቅዞኝ ነበር። ደረቴ ድረስ ሲደርስ ዞሬ ቆምኩ። ፓስተሩ ምንም የለም ወይ እንደማለት ቅንድቡን አነሳልኝ፤ ወጣቷም እኔን ታያለች፤ ዳር ላይ እማማና ልጄ ጎን ለጎን ሆነው ያዩኛል።

ራሴን ነቅንቄ ምንም የለም አልኩት። ወጣቷ ገባች።